የልብ ማሽኑ ጓጉንቸር

ጠዋት ስነሳ የምቀመጥበት ወንበር ቁጥር ወጥቶለታል። ከመደገፊያው ጀርባ፣ አውራ ጣት በምታህል ነጭ ወረቀት ላይ፣ በታናሽ እህቴ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ «ዜሮ ዜሮ አራት» ይላል። ጠረጴዛው ዜሮ ዜሮ አንድ፣ ቴሌቪዥኑ ዜሮ ዜሮ ሁለት፣ ማንቆርቆሪያው እንኳን ሳይቀር ሆዱ ላይ ተለጥፎበታል። መጥረጊያውን አንስቼ አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የለበትም። መጥረጊያ አላቂ ዕቃ ነው፣ አላቂ ዕቃ ደግሞ ቁጥር አይወጣለትም፤ ይህን ያወቅሁት ከንብረት ክፍል ኃላፊ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስለምኖር ነው። ይቺ ልጅ እኔንስ ከየትኛው መድባኝ ይሆን ብዬ በመስታወት ዞር ብዬ ጀርባዬን አየሁ። እግዜር ይስጣት፣ አልለጠፈችብኝም።

እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ሻይዋን ትጠጣለች። ተተኩሳለች፣ ተበጥራለች፣ የቁልፍ ቀለበቷን ወገቧ ላይ አንጠልጥላለች። «ማንቆርቆሪያ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ቋሚ ንብረት ሆነሃል» አልኩት። እሷም ለመስኮቱ፣ «ያልተመዘገበ ንብረት ባለቤት የለውም» አለችው። የምንነጋገረው እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ለዕቃ፣ እሷ ለመስኮት። እናታችን በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ገና ወንበሩን ሳያሞቀው፣ ይቺ የእናቴ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ የሟችን ቁም ሣጥን መመዝገብ ጀመረች። የውስጥ ልብስ፣ አምስት፣ ያገለገለ። ደም ሥሬ ተገተረ። ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም» አልኳት። እስክሪብቶዋን ከድና ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ከአፏ አንድ ቃል ለእኔ ብሎ የወጣ የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለውን ሰው አንድ ቀን እኛ ቤት ማሳደር ነበር።

ዛሬ ታዲያ ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። ይህ የእሷ ጠባይ አይደለም፣ እሷ የስኳሩን ዝቃጭ ሳይቀር በማንኪያ አውጥታ የምትበላ ሰው ናት። ከዚያ በመዳፏ ደረቷን አሸት አሸት አደረገችው፣ መንጋጋዋንም ያዝ አደረገችው፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ምን ሆነሽ ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ሦስት ዓመት የተዘጋ በር ግን በአንድ ጠዋት ሲከፍቱት ይከብዳል፤ ለማንቆርቆሪያው ልናገር ብል ደግሞ እሱ ምን ያደርግላታል። ዋጥኩት። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ እኔም ደቂቃ ቆጥሬ ተከተልኳት፤ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ይዘን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው፣ ወደ አንድ ግቢ።

የምንሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ እሷ ንብረት ክፍል፣ እኔ ጽዳት። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ በስጦታ አንድ የልብ ማሽን መጣልን። ልብ ቀጥ ሲል በኤሌክትሪክ ነዝሮ የሚያስነሳ፣ የምሳ ዕቃ የሚያህል፣ መያዣ ያለው ቢጫ ሳጥን ነው። የሰጡን ሰዎች በዋናው ሕንፃ መግቢያ ግድግዳው ላይ ባለ መስታወት ሣጥን ውስጥ ሰቀሉትና፣ ማንም ሰው በቸገረ ጊዜ በሩን ስቦ ያውጣው ብለው ሄዱ። ማንም ሰው። እህቴ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት፤ በእሷ ፊርማ የተያዘን ዕቃ ማንም ሰው የሚባል ፍጡር መጥቶ ሲያወጣው ቆማ ልታይ ነው? በሳምንቱ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገባበት። ከሥሩም ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ይህን የአደጋ ጊዜ መሣሪያ መጠቀም የሚፈልግ በቅድሚያ የወጪ ማዘዣ አስፈርሞ በሥራ ሰዓት ንብረት ክፍል ይቅረብ።» እንግዲህ ልብ በምሳ ሰዓትና በበዓል ቀን መቆም የለባትም ማለት ነው። ዲኑ አነበበው፣ መምህራኑ አነበቡት፣ ነገ ሐኪም የሚሆኑት ተማሪዎች አነበቡት፤ ሁሉም ፊርማ የሚለውን ቃል ሲያይ ነገሩ የተስተካከለ መስሎት አለፈ። እኔም አለሁበት። መስታወቱን በየቀኑ እወለውል ነበር፣ በየቀኑ አነበው ነበር፣ በየቀኑም እስቅ ነበር፤ ከመሳቅ በቀር ግን ያደረግሁት ነገር የለም።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ሥልጠና ተሰጠ። ሥልጠናው ለኃላፊዎች ነበር፣ ምክንያቱም ምሳ ነበረው። እኔ የተጠራሁት የሻዩን ብርጭቆ እንዳነሳ ነው፤ ግን ኋላ ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። አሠልጣኟ ቀጭን ነርስ ናት፣ እጅም እግርም የሌለው የላስቲክ ሰው መሬት ላይ አጋድማ እስቲ አንድ ሰው ይሞክር ብትል፣ ሱሪዬ ይበላሻል ብሎ የሚንበረከክ ጠፋ። በመጨረሻ እኔን ጠራችኝ። ጨርቄን ማቄን ሳልል ተንበርክኬ ደረቱን ደቃሁት፤ ሃያ ዓመት መወልወያ የጨመቀ ክንድ ነው። «ይኸው፣ እንዲህ ነው» አለቻቸው። ሲያልቅ ሁሉም የምስክር ወረቀት ወሰደ፣ እኔ ግን ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም ተባልኩ። ከሁሉም የባሰው የአስተዳደሩ ሰውዬ ነው፤ የእሱን በክፈፍ አድርጎ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎ፣ ቢሮው ለገባ ሰው ሁሉ ቀድሞ እሱን ያሳያል። እኛ ጽዳቶች ከዚያ ወዲህ አቶ ሰርተፊኬት እንለዋለን።

ዛሬ ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ነው። ቆጠራው የተጀመረው ከላይኛው ፎቅ አዳራሽ ነው፤ እህቴ እየዞረች ወንበር ትቆጥራለች፣ አቶ ሰርተፊኬት የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆነ እየተከተለ ይጽፋል። እኔ በር ላይ ኮሪደሩን እወለውላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ውስጥ ነው። ድምጿ ዛሬ ቀጠን ብሏል። ሰባ ስድስት፣ ሰባ ሰባት። በየመሃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። ሰባ ስምንት አለች፣ ከዚያ ወንበሩ ከነእሷ ሲወድቅ ሰማሁ። መወልወያዬን ጥዬ ስገባ በጀርባዋ ተዘርራለች፣ አቶ ሰርተፊኬትም ሰባ ስምንትን ጽፎ እየጨረሰ ነው።

ክው አልኩ። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ ተከፍቷል ግን አያይም፣ አፏ አንዴ ይከፈትና እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ከዚያ ዝም። ሰውዬው የውኃ ጠርሙሱን ከፍቶ ሙሉውን ፊቷና ደረቷ ላይ ደፋባት። «ደህና ናት፣ ትተነፍሳለች፣ በጎኗ እናስተኛት፣ አየር ስጧት» ይላል፤ ተማሪዎችም ከኮሪደሩ ተንጋግተው ስለገቡ አየሩን እነሱ ወሰዱት። ያቺ ነርስ ስትናገር የሰማሁት ጆሮዬ ላይ መጣ፦ ማንኮራፋት የመሰለ ትንፋሽ እንዳያታልላችሁ፣ ልቡ የቆመ ሰው እንደዚያ ያደርገዋል። ደግሞም ብላ ነበር፣ አትፍሩ፣ ከሞተ ሰው በላይ የሚሞት የለም።

«እባክዎ ዞር ይበሉልኝ» አልኩት። አልሰማም። «ዞር በል» አልኩት፤ ይህንን ሰማ። ተንበርክኬ ደረቷን መድቃት ጀመርኩ። የላስቲኩን ሰው ስደቃ ያልነበረ ነገር አለ፤ ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ፣ አላቆምኩም። አፌም አብሮ ተከፈተ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ በየምቱ ወጣ። አንቺ ምቀኛ ተነሺ፣ አንቺ ግትር፣ ለእናትሽም እንዲህ ነበርሽ፣ ማንን ጥለሽ ነው የምትሄጂው፣ ከወንበሮቹ ጋር ልትተዪኝ ነው። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ ከጎኔ ዝቅ አለችና «እኔ ልቀጥል፣ እናቴ፣ እርስዎ ማሽኑን ያምጡ፣ ለአምቡላንስ ተደውሏል» አለችኝ። ቦታውን ለቀቅሁላት። የቁልፍ ቀለበቱን ከእህቴ ወገብ ላይ መንጭቄ እግሬ አውጪኝ አልኩ፤ የወለወልኩት ኮሪደር ገና አልደረቀም ነበር፣ በራሴ ሥራ ተንሸራትቼ ደረጃው አፋፍ ላይ በቂጤ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ወረድኩ።

ቀለበቱ ላይ አርባ ምናምን ቁልፍ አለ፣ እያንዳንዱ ላይ እሷ ብቻ የምታውቀው ቁጥር ተጽፎበታል። አንዱን ብሞክር አይገባም፣ ሁለተኛው ገብቶ አይዞርም፣ ሦስተኛውን ስሞክር ቀለበቱ ከነልጆቹ አምልጦኝ መሬት ላይ ወደቀ። የበሩ ዘበኛ ወንበሩን ትቶ መጣ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም፣ ግን በጠፋ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ያውቃሉ። ሣጥኑን በጀርባቸው ጋረዱትና «ኃላፊዋን አስፈቅደሻል ወይ?» አሉኝ።

«ኃላፊዋ ናት የሞተችው።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያማ ተወካይዋን ነው የምትጠይቂው» አሉኝ።

በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት እስቅበት ነበር። ከአጠገባቸው የቆመውን የብረት ቆሻሻ መጣያ አነሳሁት፤ በየቀኑ የምገለብጠው ስለሆነ ክብደቱን አውቀዋለሁ። እሳቸውም ፊቴን አይተው ዞር አሉ። በመጀመሪያው ምት መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው ረገፈ፣ የሙዝ ልጣጭና የወረቀት ብርጭቆ በመግቢያው ወለል ላይ ተበተነ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ በባዶ በር ላይ ቀረ። እጄን ከትቼ ቢጫውን ሳጥን ስቤ አወጣሁት፣ ክንዴ ተቦጨቀ፣ ኋላ ነው ያየሁት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ስወጣ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፦ ጠዋት ላቧን አይቼ ዝም ብያለሁ። ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ።

ተማሪዋ እየደቃች፣ በላብ ተጠምቃ አገኘኋት። ክዳኑን ስከፍተው ማሽኑ በእንግሊዝኛ መለፍለፍ ጀመረ። ለእኔ አይገባኝም፣ ግን ሥልጠናው ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ሥዕሉም አለ፤ ከሚነዝሩት ተለጣፊ ሉሆች አንዱ ከቀኝ ጡት በላይ፣ ሌላው ከግራ ጡት ሥር፣ በራቁት ገላ ላይ። ከውስጡ መቀስ አወጣሁና የእህቴን ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። «ኧረ ነውር ነው፣ በተማሪ ፊት» አለ አቶ ሰርተፊኬት፣ ኮቱንም አውልቆ ሊያለብሳት መጣ። «ነውሩስ ወንበር ስትቆጥር መሞቷ ነው» አልኩት። የጡት መያዣዋንም ቆረጥኩት። ደረቷ ግን በእሱ ውኃ ርሷል፣ እርጥብ ላይ ደግሞ ሉሁ አይጣበቅም ተብሏል። ከኪሴ ንጹሑን ጨርቅ አውጥቼ አደረቅኳት። ይህ እንኳን ሥራዬ ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ እርጥብ ነገር በማድረቅ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ካለ ይምጣ።

ሉሆቹን ለጠፍኩ። ማሽኑ አንድ ነገር አለ። «አትንኳት ይላል፣ እየመረመረ ነው» አለች ተማሪዋ፤ ሁላችንም እጃችንን አነሳን። አቤት ያ ዝምታ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ የአንዲት ግትር ሴት ልብ ምን ይላል ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ብርቱካናማው ቁልፍ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። «ይጫኑት» አለችኝ። ዞር በሉ ብዬ በሠፈር ድምፄ ጮህኩና ተጫንኩት። ገላዋ ዘለል ብሎ ተመለሰ፣ ሌላ ምንም የለም። ተማሪዋ መልሳ መድቃት ጀመረች፣ ሲደክማት እኔ፣ ሲደክመኝ እሷ። ይቅር በይኝ አልኳት ለእህቴ፣ ማንም ይስማ ማን ግድ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቅብብል ላይ፣ ተራው የእኔ ሆኖ ስደቃ፣ አንድ እጅ መጥቶ ክንዴን ገፋኝ። ደከም ያለ ነበር፣ ግን ልክ ሕፃን ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ እንደምትገፋኝ ነበር። አቆምኩ። አሳለች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ ዓይኗም ተንቀሳቅሶ እኔ ላይ አረፈ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ነን። በአንድ እጇ መርፌ ገብቷል፣ ደረቷ በሽቦ ተተብትቧል፣ ከራስጌዋ በቆመው ማሽን መስኮት ላይ ልቧ ይታያል፣ አረንጓዴ መስመር እየዘለለ። ሐኪሟ የተዘጋ የደም ሥር ከፍተንላታል፣ ደቂቃ ብትዘገዩ ግን ለእኛ የሚተርፍ ሥራ አልነበረም ብላ ሄደች። እህቴ ጣሪያውን ታያለች፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ለተኛ ሰው የሚባለው እግዜር ይማርሽ ነው፣ እሱ ራሱ አልወጣልኝ አለ። በዚህ መሃል አቶ ሰርተፊኬት ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ በሌላው እጁ ፋይል ይዞ መጣ። እንኳን ተረፍሽ ካለ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የተበላሸ ንብረት ሪፖርት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት፣ ዲኑም ይጠብቃሉ፣ የኔ እመቤት እዚህች ጋ ብትፈርሚልኝ ብሎ ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋልኝ።

አነበብኩት። የሠለጠኑት የኮሚቴው ጸሐፊ ባደረጉት ፈጣን ርብርብ የባልደረባችን ሕይወት ሊተርፍ ችሏል ይላል። ከሥሩ፣ በዚሁ ወቅት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ያለ ፈቃድ የሣጥኑን መስታወት በመስበር በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት አድርሳለች ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከስሜ ጎን መስመር። ይህንን የፈረመ ሰው ሥራውን እንደሚለቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከዚህ በፊት ለሁለት ጓደኞቼ ሆኗል። ንዴቴ እንኳን አልመጣ አለ፣ ደክሞኝ ነበር። እውነትም እኔ ነኝ የሰበርኩት። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት።

የእህቴ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ተዘረጋ። «ወረቀቱን» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ሰውዬው አይ አንቺ ዕረፊ ቢልም እጇ እንደተዘረጋ ቀረ፣ ሰጣት። የማታነበው ነገር የላትም፤ ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ገልብጣ ባዶውን ጀርባውንም አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ከጣቴ ላይ ወሰደችና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ በአንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ሕይወት ያተረፈው በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ከነአባታችን ስም ጻፈች። ጉዳት ያደረሰው በሚለው ቦታ ላይ የራሷን።

«አንቺማ እንዴት ይሆናል» አለ ሰውዬው፣ «አንቺ እኮ ያኔ ... ላይኛው ፎቅ ተኝተሽ ነበር።»

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እንዳለ አስገባው።»

ፈረመችበት፣ ቀኑንም ጻፈችበት፣ ሰጠችው። ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፣ አረንጓዴው መስመር ፈጠን ፈጠን ሲል አይቶ ፈራ መሰለኝ፣ ፋይሉን ከድኖ ወጣ። ሁለታችን ቀረን። እግሯን ሰብስባ የአልጋውን ጠርዝ ለቀቀችልኝ።

«ተቀመጪ፣ እትዬ» አለችኝ።

ለመስኮቱ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ተቀመጥኩ። እሷም በአፍንጫዋ ሳብ አድርጋ፣ «በረኪና በረኪና ትሸቻለሽ» አለችኝ።

«በሥራ ሰዓት ስለሞትሽ ነዋ። ልብስ የምቀይርበት ጊዜ መቼ ሰጠሽኝ።»

ሳቅ ጀመራት፣ ወዲያው ደረቷን ያዘች። «አታስቂኝ በናትሽ፣ ሁለት ጎድን ሰብረሽኛል አሉ።»

«ይበልሽ» አልኳት፤ እንባዬ ግን ከአፌ ቀድሞ ወርዷል፣ እሷም የአልጋውን አንሶላ ጫፍ አንስታ ፊቴን ጠረገችልኝ።